የ‹ክሊቭ› ጣጣ

እንግሊዝኛ ያውቃል የሚባል ሰው ኮንዶሚኒየም ውስጥ መኖር የለበትም። ግቢ ይከራይ፣ አጥሩን ያስረዝም፣ ኃይለኛ ውሻ ያሳድግ። ኮንዶሚኒየም ከገባ ግን አለቀለት። የጎረቤት መድኃኒት፣ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የጎረቤት የሕፃን ወተት ቆርቆሮ ሁሉ እየተያዘ እሱ በር ላይ ይሰለፋል።

እኔ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ያውቃል የተባልኩት በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው። የግቢያችን በር ላይ መኪና ማቆም ክልክል መሆኑን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር። የጻፈው ሰው ‹ፓርኪንግ› ማለት ሲገባው ‹ባርኪንግ› ብሎ ኖሮ፣ ማስታወቂያው እዚህ በር ላይ መጮኽ ክልክል ነው የሚል፣ ለውሾች የተላለፈ መመሪያ ሆኖ ዓመታት ቆይቷል። ይህን በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ አስረዳሁ። ተጨበጨበ። ፊደሏ ታረመች፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ‹ቲቸር› ተባልኩ። አስተምሬ አላውቅም፤ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ውሾቹ እንደሆኑ ከእርማቱ በፊትም ይጮኹ ነበር፣ አሁንም ይጮኻሉ።

ሰው አንዴ አዋቂ ከተባለ ‹አላውቅም› የምትለዋ ቃል ከጉሮሮው አትወጣም። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ጠርሙስ ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ይኼ ምን ይላል?» ቢሉኝ፣ መነጽሬን መሥሪያ ቤት ረስቼ ስለነበር በጠርሙሱ ቅርጽ ተመርቼ «ከምግብ በኋላ አንድ ማንኪያ» አልኳቸው። የፀጉር ማለስለሻ ነበር። ደግነቱ ሴትየዋ ጾመኛ ናቸውና ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ልጃቸው ከሥራ ገብታ አስጣለቻቸው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከኔ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ታደሰ ይኖራሉ። አብነት ላይ ሥጋ ቤት አላቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ናቸው፤ ልጃቸው ሜሮን አንድ ለእናቷ፣ አንድ ላባቷ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ባነርና ስቲከር የሚያትም ዮናታን የሚባል ወጣት ይወዳታል፣ ትወደዋለች። ሽማግሌ ልኳል። ጋሽ ታደሰም «እንመካከርና በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ብለው ሸኝተዋቸዋል። ይህ ባገራችን ‹እሺ› ማለት ነው፤ ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከተሰጠች ቤት ውስጥ ተርፋ ነበር ያሰኛል።

በሁለቱ ሳምንት መሐል የሜሮን ልደት ዋለ። ዮናታን ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ነውና አበባ አላመጣም። የሁለቱን ፎቶ መስኮት በሚያህል ፍሬም አስገብቶ፣ ከሥሩ በወርቃማ ፊደል አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አትሞ አመጣ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ‹እኔ› አለ፣ ‹አንቺ› አለ፣ ‹እስከ ዘላለም› አለ። እነዚህን ልደታ ውስጥ የማያውቅ የለም። መሐላቸው ግን አንድ ቃል ተቀምጧል፤ ክሊቭ።

የሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ተጠራሁ።

«ቲቸር፣ ናማ እስቲ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ፍሬሙን ጭናቸው ላይ እንደ በግ አጋድመው ይዘውታል። «ይኼ ልጅ ልጄን ምን ላድርግሽ ነው የሚላት?»

አየሁት። ያን ቃል በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። መነጽሬን አወለቅኩ፣ በሸሚዜ ጠርዝ ጠረግኩ፣ መልሼ አደረግኩ። ቃሉ እዚያው ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥመኝ ለዓመታት ያኖረችኝ አንዲት አነጋገር አለች።

«እንደ አገባቡ ነው ጋሼ» አልኩ።

«አገባቡማ በሽማግሌ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ቃሉን ነው።»

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ፊደሎቹን ማየት ጀመሩ። «ቆይ ቆይ፣ ይቺን ነገር አውቃታለሁ» ብለው ተነሡና ከቡፌው አናት ላይ አንድ ካርቶን አወረዱ። ለሥጋ ቤቱ የገዙት፣ ገና ያልተከፈተ የአጥንት መፍለጫ ነው፤ ቢላ ይሁን መጥረቢያ የማይለይ ሰፊ ብረት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ክሊቨር ይላል። ሁለታችን ጎን ለጎን አጎንብሰን ፊደል በፊደል አመሳከርን። መጨረሻ ላይ ካለችው አንዲት ፊደል በቀር አንድ ናቸው። ካርቶኑ ላይ ደግሞ ሥዕል አለ፤ ብረቱ የበሬ ቅልጥም መሐል ገብቶ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ያን ያህል ጊዜ ጨለማ ውስጥ ቆይቶ ብርሃን ያየ ሰው ዝም አይልም።

«ትክክል!» አልኩ። «ዘመዳሞች ናቸው። ክሊቨር አድራጊው ነው፣ ክሊቭ ድርጊቱ።»

ለማረጋገጥም ስልኬን አውጥቼ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ‹መፍለጥ፣ መሰንጠቅ፣ ለሁለት መክፈል› ይላል። ከዚያ በታች የፀጉር ቅባት ማስታወቂያ መጣ። ዘጋሁት። ማለት ስልኩን።

«እና እፈልጥሻለሁ ነው የሚላት?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እስከ ዘላለም» አልኩ፣ ትርጉሙ ጎዶሎ እንዳይሆን ብዬ።

እትዬ አስቴር ከጓዳ ብቅ አሉ። «ኧረ ተው፣ ፍቅር ይሆናል። ሰው ሲዋደድ ስንት ነገር ይባባላል!»

«‹ልሙትልሽ› ይላል» አሉ ጋሽ ታደሰ። «‹ልፍለጥሽ› የሚል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሠላሳ ዓመት ስፈልጥ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ‹ልፍለጥሽ› ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አላልከኝም» አሉ እትዬ አስቴር። ‹ልሙትልሽም አላልከኝም› የሚል ነገር ፊታቸው ላይ ነበረ፤ ግን ጊዜው አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ ስልክ አነሡና ለሽማግሌዎቹ አለቃ ለአቶ ወልዴ ደወሉ። «የነገውን ተዉት። አትምጡ» ብለው ዘጉ። ፍሬሙን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው አቆሙት። እኔ ደረጃውን ስወርድ፣ ሜሮን ገና ከሥራ አልተመለሰችም፤ ትዳሯ እንደፈረሰ የምናውቀው እኔና ወላጆቿ ብቻ ነን።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለገነት ነገርኳት። ገነት የኔን እንግሊዝኛ የማታምን በግቢው ውስጥ ብቸኛዋ ሰው ናት። ስልኬን ተቀበለችኝ፣ ቃሉን ፈለገች፣ የፀጉር ቅባቱን ማስታወቂያ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀል ነክታ አጠፋችው። ከሥሩ ሌላ ትርጉም ወጣ።

«‹መጣበቅ፣ አለመለየት፣ በታማኝነት አብሮ መኖር› ይላል» አለች። «ይኼን አላየኸውም?»

«ማስታወቂያ ነበረበት።»

«ማስታወቂያው ይዘጋል እኮ።»

«የማይሆን ነገር ነው» አልኩ። «አንድ ቃል እንዴት መሰንጠቅም መጣበቅም ይሆናል? ስህተት ነው።»

«አንተ ‹መጣሁ› ብለህ ስትወጣ ሁለቱንም አይደል የምትለው?»

ሌላ መዝገበ ቃላት አወረድኩ። ያው ነው። ሦስተኛ አወረድኩ። ያው ነው። እንግሊዞች በደህና ጊዜ ሁለት ቃል መግዛት ሲችሉ በአንድ ቃል ተብቃቅተው ኖረዋል። ድሮ ሁለት የተለያዩ ቃሎች ነበሩ፣ በዘመን ብዛት ድምፃቸው ተመሳስሎ አንድ ሆኑ ይላል አንዱ። ሲጣበቁ ማለት ነው። እኔ ግን ይህን ሳውቅ ስልኩን ደፋሁት። የሰው ልጅ ትዳር በፀጉር ቅባት ማስታወቂያ ምክንያት አፍርሻለሁ።

እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የግቢው ዘበኛ ያዘኝ። «ቲቸር፣ የጋሽ ታደሰን ልጅ የሚያገባው ልጅ መጥረቢያ ገዛ አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ። ዮናታን በጠዋት መጥቶ ኖሮ ዘበኛው ቦርሳውን ፈትሾበታል። የተገኘው አራት ጥቅል ስቲከር ነው። «ብረት የለውም፤ ግን አላስገባሁትም» አለ ዘበኛው፣ ሥራውን በሠራ ሰው ኩራት። ዮናታን ከበሩ ማዶ፣ ያንን ያረምኩትን ጽሑፍ ተደግፎ ቆሟል። ሰላም ልበለው ብዬ እጄን ሳነሣ ፊቱን አዞረ።

ደረጃው ላይ ሜሮንን አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። ከልጅነቷ ጀምሮ የማውቃት ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ምን አድርጌዎት ነው?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

አብሬያት ወጣሁ። ጋሽ ታደሰ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የግድግዳውን ቀለም ያያሉ። ሜሮን መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ጋሼ፣ ላርም ነው የመጣሁት» አልኩ። «ቃሉ መጣበቅ ማለት ነው።»

«ትናንት መፍለጥ ነበር።»

«ዛሬም ነው። ሁለቱንም ነው።»

ጋሽ ታደሰ ሶፋው ላይ ወደኔ ዞሩ። «አየህ ወንድሜ፣ እኔ ዘንድ ሰው መጥቶ ‹ሽንጥ› ካለ ሽንጥ ነው የምሰጠው። ‹ሽንጥ ማለት የታናሽ ሥጋም ነው› ብል ሥጋ ቤቴን ያዘጉኛል።»

ዝም ብል ጥሩ ነበር። እኔ ግን ነገሩን ከሥር መሠረቱ ላስረዳ አሰብኩ። ለዚህ ጠዋት በደንብ አጥንቼ ነበር።

«ቃሉ ድሮ የከበረ ነው ጋሼ። ኃላፊ ጊዜው ለምሳሌ ክሎቭ ይሆናል።»

«ክሎቭማ ቅርንፉድ ነው» አሉ እትዬ አስቴር ከጓዳ። «የሻዩ ዕቃ ላይ ተጽፏል።»

«እሱ ሌላ ክሎቭ ነው እትዬ። በአጋጣሚ ነው። ደግሞ ክሎቨን የሚባል አለ፤ እሱ እንኳን ለከብት ነው፣ ሰኮናው ለተሰነጠቀ . . .»

አፌን ስይዝ ዘግይቷል።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። «መፍለጫ አለ። ቅርንፉድ አለ። ሰኮና አለ። ይኼ ልጅ ያሰበው ጋብቻ ነው ቅቅል?»

«በሥዕል ላሳይዎት» አልኩ በጭንቀት። ስልኬ ላይ ቃሉን ጻፍኩና ሥዕል አምጣ አልኩት። የኔ ስልክ ደግሞ ከኔ በላይ አውቃለሁ ባይ ነው፤ ቃሉን ልጨርስልህ ብሎ ሳላዘው ጭራ ቀጠለበት። ሳላየው አዙሬ ለጋሽ ታደሰ አቀረብኩላቸው። እሳቸው አዩ። እትዬ አስቴርም ከጓዳ መጥተው ከትከሻቸው በላይ አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው አንገታቸው ድረስ ተከናነቡ።

ስልኩን ወደ ራሴ አዞርኩት። ከላይ ‹ክሊቬጅ› ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደረታቸውን እስከ መሐል የከፈቱ፣ ራቁት ሊባሉ ትንሽ የቀራቸው ሴቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ይስቃሉ።

«ይኼስ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እሱም የቃሉ ዘመድ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

«ስንት ዘመድ ነው ያለው?»

በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከፊት አቶ ወልዴ፣ ነጭ ለብሰው ገቡ። ጋሽ ታደሰ ደነገጡ። «አትምጡ ብዬ ደውዬ ነበር እኮ» አሉ።

«ሰምተናል» አሉ አቶ ወልዴ ረጋ ብለው። «ሽማግሌ ‹ኑ› ሲባልማ እንግዳ ነው። ሽማግሌ የሚሆነው ‹አትምጡ› ሲባል ነው።»

ተቀመጡ ካልተባሉ አይቀመጡምና ሦስቱም ቆሙ። ጋሽ ታደሰም ‹ተቀመጡ› አላሉም። ሄደው ፍሬሙን ከግድግዳው አዞሩና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። «ልጃችሁ ይኼን ጽፏል» አሉ። «ልጄን እፈልጥሻለሁ ብሏታል። ይኸው ሊቁ እዚህ አሉ፣ ይመስክሩ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ለክብሬ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ቁርጡን ይንገሩን» አሉ አቶ ወልዴ። «መፍለጥ ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው» አልኩ። «መጣበቅም ነው።»

አቶ ወልዴ ከጎናቸው ወዳሉት ሽማግሌ ጠጋ ብለው «ሰውየው ደህና ናቸው?» ሲሉ ሰማሁ።

ይኼን ጊዜ የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ሜሮን ወጣች። ሽማግሌ ባለበት ሙሽሪት አትወጣም፤ እትዬ አስቴር ሊመልሷት እጃቸውን አነሡ፣ ግን አልመለሷትም።

«አባዬ» አለች። «ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዮናታን ሌላ ነገር ነበር ሊጽፍ ያሰበው፤ ልብና አበባ ያለበት። እኔ ነኝ ይኼን አትምልኝ ያልኩት። ሁለቱንም እንደሚል አውቃለሁ። የወደድኩትም ለዚያ ነው። ከአንተ ሳልለይ እሱ ጋ መጣበቅ አልችልም እኮ። ብችልማ ደስ ይለኝ ነበር።»

ጋሽ ታደሰ ፍሬሙን እያዩ ቆዩ። እጃቸው፣ ያ የበሬ ቅልጥም በአንድ ምት የሚከፍል እጅ፣ የፍሬሙን ጥግ ይነካካል።

«እኔም እኮ ገብቶኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑ?» አሉ እትዬ አስቴር።

«መለየቱ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነው የገባኝ። እንቢ እንዳልል ልጁ ጨዋ ነው። ሰበብ አጥቼ ተቀምጬ ሳለ ይኼ ሰውዬ መጥረቢያ አቀበለኝ።»

ይኼ ሰውዬ እኔ ነኝ። መሬቱን አየሁ።

«ቤቱ ጭር ሊል ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ከሥራ ስገባ ማን ነው ‹አባዬ ጫማህን አውልቅ› የሚለኝ?»

«ጠመንጃ ያዥ እኮ ነው የምትሄደው» አሉ እትዬ አስቴር፣ እሳቸውም እያለቀሱ። «በእግር ነው። ታክሲ እንኳ አያስፈልግም። ጫማህን አላወልቅ ካልክ እደውልላትና መጥታ ታስወልቅሃለች።»

ሜሮን ሄዳ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከች፣ ጉልበታቸውን ሳመች። ጋሽ ታደሰ ራሷን ዳበሱ፤ ለረጅም ጊዜ ዳበሱ። እኔም መነጽሬን አውልቄ ጠረግኩ፤ የዚያን ጊዜው እውነተኛ መጥረግ ነው። ከዚያ ጋሽ ታደሰ ቀና አሉና የቆሙትን ሽማግሌዎች አዩ።

«ምን ትገተራላችሁ» አሉ። «ተቀመጡ እንጂ።»

ሦስቱም ተቀመጡ። እትዬ አስቴር ወዲያው ጓዳ ገብተው በትልቅ ትሪ ጥብስ ይዘው ወጡ። ሽማግሌ አይመጣም ተብሎ የተሠራው ጥብስ ለስምንት ሰው ይበቃል። ሜሮን ዮናታን ከበር እንዲገባ ለዘበኛው ደወለች፤ ዘበኛው መጀመሪያ «ከነስቲከሩ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው ወደ አቶ ወልዴ እየዞሩ። «ቀን እንቁረጥ።»

ይህቺን ስሰማ ቀጥ አልኩ። ቀን እንቁረጥ! ሁለት ሰው ሊጣመር ነው፤ እኛም መጀመሪያ የምናደርገው መቁረጥ ነው። ቀኑን የሚቆርጠው ደግሞ ሥጋ ቆራጭ ነው። ለካስ እንግሊዝን በከንቱ ነው ስናማ የዋልነው! ለካስ የዚህ ነገር ሥር ጥልቅ ነው! ለጉባኤው ላስረዳ ብድግ አልኩ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ይህ ‹መቁረጥ› የምትሉት ቃል . . .»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ታደሰ ፊታቸው ተለወጠ። እትዬ አስቴር ግን ፈጣን ሴት ናቸው።

«ቲቸር» አሉ፣ የጡጫ ያህል ጥብስ በእንጀራ ጠቅልለው እየተጠጉኝ። «በሞቴ፣ አፍህን ክፈት።»

ከፈትኩ። አላምጬ እስክውጠው ድረስ ቀኑ ተቆርጦ፣ ምርቃት ተደርጎ፣ አሜን ተብሎ አልቋል። ከጥምቀት በኋላ ያለው እሁድ ነው።